ዘሚዬ፣ ስለ አንቺ ጠየቅኩ

ዘሚዬ፣

እንዴት ከርመሽልኛል ብዬ ብጀምር እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። «አራት ዓመት ጠፍታ ከርመሽልኛል ትላለች!» ስትይ፣ አፍሽን አጣመሽ፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ስለዚህ ቶሎ ልገላገለው። የእናትሽን የእትዬ ሀዋን ማረፍ የሰማሁ ቀን ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ አርባ ቀን ሆነ፣ ከዚያ ወዲያማ በምን ዓይኔ? አላህ ይዘንላቸው። እኔንም ይቅር በይኝ። ስድቡን በድምፅ ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን ግን ለሌላ ሰው የማልነግረው ነገር ይዤ ነው የመጣሁትና ስሚኝ።

ጠጠር መጣል ጀምሬያለሁ።

አትሳቂ! እርግጥ ጠጠር አይደለም፣ እንጨት ነው። ግን ሥራው ያው ነው። እናትሽ ሲኒ ገልብጠው ሲያዩ በር ሥር ተለጥፈን ስንሰማ «የቡና አተላ ነው እንጂ ምን አለው» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ። አንቺ አምነሽ ታለቅሺ ነበር፣ ያውም ለጎረቤት ዕጣ። ዛሬ አንቺ የሒሳብ መምህርት፣ እኔ የስቶክሆልም ጠጠር ጣይ።

እንዲህ ሆነልሽ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት የ89 ዓመት ሴት አሉ። ስማቸውን ማውጣት በሥራችን ክልክል ነው፤ እማማ ልበላቸው። (እዚህ አገር አንቱታ ቀርቷል፣ ለሁሉም «አንቺ» ነው። እኔ በአፌ አንቺ እያልኩ በሆዴ አንቱ እላቸዋለሁ።) በደህናው ጊዜ የእንጨት ሥራ ያስተምሩ ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ከመሳቢያቸው የጨርቅ ከረጢት አስወጡኝና አልጋው ላይ ዘረገፉት፤ ከፖም ቅርንጫፍ የተቆረጡ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ 24 እንጨቶች። የዛፉ ልጣጭ ዙሪያቸውን አልተነካም። በእያንዳንዳቸው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ አንድ ምልክት አለ፣ ውስጡ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በመዳፍ ስታገላብጫቸው እንደ ገበጣ ጠጠር ይንኳኳሉ።

ሩን ይባላሉ። የላቲን ፊደል ሳይገባ የዚህ አገር ሰዎች ይጽፉበት የነበረ ፊደል ነው። ቀጥ ያለና ያዘመመ ጭረት ብቻ ነው፣ አግድም መስመር እምብዛም አታይበትም፤ እንጨት ላይ ሲቀርጹት ከእንጨቱ መስመር ጋር እንዳይጠፋ ነው ይላሉ እማማ። ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። እኔ የኔታ ጋ «አልፍ፣ ቤት፣ ገምል» ስል አንቺ መድረሳ «አሊፍ፣ ባ» ትይ አልነበር? አልፍ በሬ፣ ገምል ግመል ማለት ነው ብለው የኔታ ሲነግሩን ፊደል እንዴት እንስሳ ይሆናል ብለን ሳቅን። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። የመጀመሪያዋ ፌሁ ከብት ናት፣ ሀብትም ናት። ቀጣይዋ ኡሩዝ የዱር በሬ። ራይዶ ግልቢያ፣ ጉዞ። ኢሳ በረዶ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ስሞች እስካሁን እያቀላቀልኩ ነው። ሦስት ቦታ ስምንት ስምንት ሆነው ይከፈላሉ። እዚህ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከጎትላንድ ደሴት የመጣ አንድ ድንጋይ አለ፣ ወደ 400 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተቀረጸ፣ 24ቱንም በተራ ጽፈውበታል። የተገኘው መቃብር ላይ ነው፤ ጽሑፉ ወደ ሙታን ፊቱን አዙሮ። በዕረፍቴ ቀን ሄጄ ሳየው ቆዳዬ ተኮማተረ። ለማን ነው እንግዲህ የጻፉት?

አጣጣሉን ልንገርሽ። ታሲተስ የሚባል ሮማዊ በ98 ዓመተ ምሕረት ስለ ጀርመን ነገዶች ሲጽፍ እንዲህ ይላል፦ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ ይከታትፉታል፣ ምልክት ያደርጉበታል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደመጣ ይበትኑታል። ጉዳዩ የሕዝብ ከሆነ ካህኑ፣ የቤት ከሆነ አባወራው፣ ወደ ሰማይ እያየ ጸልዮ ሦስት ጊዜ አንዳንድ ያነሳል፤ ከዚያ ይፈታል። ምልክቶቹ እነዚህ ሩኖች ይሁኑ ሌላ ሰውየው አልጻፈም። እማማ ይህን ሲነግሩኝ «ነጭ ጨርቅ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ቤቴ ያለው ነጭ ጨርቅ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

አዎ፣ ነጠላዬን። የጥምቀቱን። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ጥበቡ ወደኔ ዞሮ። ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልነገርኩም፤ መጀመሪያ ለሙስሊም ጓደኛዬ መናዘዜ ራሱ ሌላ ኃጢአት ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ሥራ ላይ ማን ይበሳጭብኛል፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል ወይ። ኋላ ግን ጠዋት ሳልጥል ከቤት መውጣት አቃተኝ። በስልኬ ትርጉም መፈለግ ጀመርኩ፤ ተገልብጣ ከወጣች እንዲህ፣ ቀጥ ብላ ከወጣች እንዲያ። ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። መገልበጥ የሚባለው ትርጉም የትናንት ፈጠራ ነው አሉኝ፤ ምንም ያልተጻፈባት ባዶዋ 25ኛ ቁራጭም በ1982 አሜሪካ ከታተመ አንድ መጽሐፍ ጋር የመጣች ናት። «አያቶቼ ባዶ ፊደል ምን ያደርጉበታል?» የድሮዎቹ ሰዎች የተዉት ለየስሙ አንዳንድ ስንኝ ነው። የኖርዌዮቹ ስንኝ ስለ ፌሁ ምን ይላል መሰለሽ? ሀብት ዘመድን ያጣላል፣ ተኩላ በጫካ ያድጋል። አለቀ። ተኩላው እዚያ ምን እንደሚሠራ ራስሽ ፍቺው።

ተኩላው ግን ገብቶኛል፣ ዘሚ። ወንድሞቼ የአባዬን ቤት ሊሸጡት ነው።

ሰምተሽ ይሆናል፣ የሰኞ ገበያ ወሬ መቼ ያመልጥሻል። ገዢ አግኝተዋል፤ የቀረው የኔ ውክልና ነው። ወረቀቱ ከተላከልኝ ሁለት ወር ሆነው፤ ኤምባሲው ድረስ በባቡር አርባ ደቂቃ ነው፣ አልሄድኩም። ታላቁ «የማትኖሪበትን ቤት አንቀሽ ያዝሽብን» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ትንሹ ምንም አይልም፣ የልጆቹን ፎቶ ብቻ ይልክልኛል፤ እሱ ይብሳል። እኔ ደግሞ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ነጠላዬን ዘረጋሁ።

ሦስት አነሳሁ። ሦስተኛዋ ኦታላ። ኦታላ ማለት፣ ዘሚዬ፣ ርስት ማለት ነው። ከአባት የወረደ መሬት። ኖርዌይ ውስጥ ቃሉ ዛሬም ሕግ ነው፤ የእርሻ ቦታ ሲሸጥ የቤተሰቡ ልጅ ከባዕድ ቀድሞ የመውሰድ መብት አለው። (መሬቱ የመንግሥት መሆኑን ረስቼ አይደለም ርስት የምልሽ፤ የቤት ጉዳይ ነው፣ አታርሚኝ።) ቅርጿ ከላይ የቤት ክዳን የመሰለ፣ ከታች ሁለት እግር። በሳምንቱ ደግሜ ጣልኩ፣ ኦታላ፣ ግን ተዘቅዝቃ፣ እግሯ ወደ ላይ። በሦስተኛው ከጨርቁ ወጥታ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆመች፤ ለመውደቅም ለመቅረትም ያልወሰነች። እንደ እኔ። ሒሳብሽን አውጥተሽ ከ24 ሦስት ሲነሳ አንዷ የመውጣቷ ዕድል ከስምንት አንድ ነው እንደምትይኝ አውቃለሁ። አስልቼዋለሁ። አልረዳኝም።

ፍቅሬ ብሶ ኦታላን በትንሽ ብር አስቀርጬ አንገቴ ላይ ላንጠለጥላት ስል ልጄ ጮኸችብኝ። «እማ! ይህን ምልክት እነማን እንደሚያደርጉት ታውቂያለሽ?» ለካ ከሂትለር ጦር አንዱ ክፍለ ጦር ዓርማው አድርጎት ነበር፣ ዛሬም ዘረኞች ደረታቸው ላይ ይነቀሱታል። አስቢው፤ የደሴ ልጅ በጥቁር አንገቷ የነጭ ዘረኞች ምልክት አንጠልጥላ ምድር ባቡር ውስጥ ቆማ። እኔና ልጄ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን። እማማ ግን አልሳቁም። ፊደሉ ምን በደለ ብለው ዝም አሉ።

ባለፈው እሑድ በዊልቸር ይዣቸው ሂለርሼ ሄድን። ሜላረን ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ ያለች ቦታ ናት። እዚያ በ11ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ አለት አለ፤ በእባብ ገላ ላይ ተጠምጥሞ የተጻፈ ሩን። «አንብቡልኝ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ቃል «ፍታ!» ነው አሉኝ፤ ሕልም ፍታ እንደምንለው። ከዚያ ምን ይከተላል? ጸሎት? ጥንቆላ? የውርስ ክርክር ነው፣ ዘሚ! ጌርሎግ የምትባል ሴት ጌርሙንድን አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ባሏ ሰጠመ፣ ልጁ ሞተ። ጉድሪክን አገባች፣ ከወለዷቸው አንዲት ኢንጋ ብቻ ተረፈች። ኢንጋም ራግንፋስትን አግብታ ወለደች፤ ባል ሞተ፣ ልጅ ሞተ፣ እናት ከልጇ ወረሰች። ኤሪክን አገባች። ከዚያ ኢንጋም ሞተች፣ ጌርሎግ ከልጇ ወረሰች። በቃ ይኸው። ለቀበሌ የሚቀርብ የወራሽነት ማስረጃ ድንጋይ ላይ ቀርጸውታል። ብርዱ ጆሮዬን እየቆረጠው እዚያ አለት ፊት ቆሜ የጌርሎግን እጅ አሰብኩት፤ ሁሉን ቀብራ ሁሉን ወርሳ ቤቱን ማን ገባበት?

ስንመለስ እማማ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ተረት ነገሩኝ፣ ከአይስላንድ ነው። ኤጊል የሚባል ባለቅኔ አንዲት የታመመች ልጅ ቤት ይደርሳል። አልጋዋ ውስጥ ሩን የተቀረጸበት የዓሣ ነባሪ አጥንት ያገኛል። ለካ አንድ ጎረምሳ ልቧን ሊያገኝ ብሎ ቀርጾ፣ አሳስቶ ጽፎ፣ በሽታ ሆኖባታል። ኤጊል ፍቆ አቃጥሎት ሌላ ጻፈላትና ዳነች። መፍታት የማይችል አይቅረጽ አለ። እማማ ይህን ብለው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ነገሩ ለእኔ መሆኑ ገባኝ፣ ያልገባኝ መሰልኩ።

አሁን ደግሞ እውነተኛው ኑዛዜ። እስካሁን እየዞርኩ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ስለ አንቺም ጥያለሁ። ልደውልላት ወይስ አልደውል ብዬ። ሦስት አነሳሁ፣ መካከል ላይ ኢሳ። ኢሳ አንዲት ቀጥ ያለች ጭረት ናት፣ ሌላ ምንም የላትም፤ ገልብጠሽ ብታያትም ያው ናት። የአይስላንዶቹ ስንኝ በረዶን የወንዝ ቅርፊት፣ የማዕበል ክዳን ይለዋል። ስልኬ ደግሞ «ቁሚ፣ ጠብቂ» አለኝ። ደስ አለኝ! አየሽ ጉዴን? ደስ አለኝ፤ ያለመደወሌን ፈቃድ አገኘሁ። በወሩ ደግሜ ጣልኩ፣ አሁንም ኢሳ። በሦስተኛው ግን ራይዶ ወጣች፣ መንገድ፣ ጉዞ፣ ሂጂ። ምን አደረግሁ መሰለሽ? «በትክክል አላወዛወዝኩትም» ብዬ መልሼ ጣልኩ። ኢሳ እስክትወጣ አራት ጊዜ ጣልኩ። ከዚያ ከረጢቱን አሰርኩ።

ሌሊቱን ያን ነገር ሳስብ አደርኩ። ጠዋት ኢሳን ከከረጢቱ አውጥቼ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ቀበርኳት። ለእማማ አንዷ ጠፍታለች አልኳቸው፤ ዋሸሁ። እሳቸውም ፍለጋ ትራሳቸውን ያነሳሉ።

እና የምለምንሽ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በአባዬ ቤት በኩል እለፊ። ተከራዮቹን አትጠይቂያቸው፣ ዝም ብለሽ በአጥሩ እይ። የኮኩ ዛፍ አለ ወይስ ቆርጠውታል? ጣሪያውስ? አባዬ ጠዋት ጠዋት የጦሳን ተራራ እያየ የሚቀመጥባት የድንጋይ መቀመጫ? ፎቶ አንሺልኝ፣ ተቆርጦም ከሆነ አንሺልኝ። ለወንድሞቼ የምመልሰው ያንን ካየሁ በኋላ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ።

ሌላም አለ። ልሄድ ዋዜማ እናትሽ ቡና አፍልተውልኝ አልነበር? ሲኒዬን ገልብጠው አነሱት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ ከዚያ በመዳፋቸው ሸፍነው «በይ ሂጂ፣ መንገድሽ ሰፊ ነው» ብለው ውሃ ውስጥ ጨመሩት። መንገድማ ለሁሉም ይላሉ። ሌላ ነገር ነበር ያዩት። ወጥ ቤት ገብተሽ ከሳቸው ጋር ስትንሾካሾኪ ሰምቼሻለሁ፤ ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር፣ ሽንኩርት ነው አልሽኝ። ዘሚ፣ ያን ቀን የምትከትፊው ሽንኩርት አልነበረም።

ምን አሉሽ?

ያቺው ከሐዲ፣
ከስቶክሆልም