ሳይለኩ መግዛት የለም፦ የአውቶ ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ የቆመችውን ሰማያዊ ቮልስ የማያውቅ የትምህርት ቤታችን ሰው የለም። «ይቺ ቆርቆሮ መቼ ነው ከዚህ የምትወጣልን?» የሚለው ጥያቄ በመምህራን ማረፊያም፣ በወላጆች ስብሰባም ተነስቷል። አጭሩ መልስ፦ ቆርቆሮዋ ከግንቦት ጀምሮ በገዛ ሞተሯ ተነስታ ሰልፍ ሜዳውን እየዞረች ትመለሳለች። የቀረው መልስ ይኸውላችሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ስትሆን ባለ 1300 ሞተር ናት። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን «ግቢዬ ውስጥ ከምትበሰብስ ልጆች ይማሩባት» ብሎ የለገሰን ናት። ክበቡ ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩት፤ 8ቱ ሴቶች ናቸው። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት ተሰብስበናል፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መርጠናል፣ ቃለ ጉባኤ ይዘናል፣ የደኅንነት ደንብ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ስለ ስብሰባ ይህ ይበቃል።

ከበድ ያለ ሌላ ጥያቄም ቀርቦልናል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሎ ሳለ፣ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ሳለ፣ ልጆቹን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የድሮ ዕቃ) ማስተማር ምን ይረባቸዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ክበቡ የሚያስተምረው ካርቡራተር አይደለም፤ ብልሽት ፍለጋ ነው። ቮልቴጅ የት እንደ ጠፋ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) የፈለገ ልጅ፣ ነገ የኤሌክትሪክ መኪና ላይም ያንኑ ያደርጋል፤ እሷም ብትሆን ባለ 12 ቮልት ባትሪና ማሳ (ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ) አላት። ቮልሷን የመረጥንበት ምክንያት ሁሉ ነገሯ ለዓይን የተገለጠ በመሆኑ ነው። ኮምፒውተር የላትም፣ ራዲያተር የላትም፣ ወደ ቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለእሳት ወደሚያበዛው ጥምጥም) የሚሄደውን ሽቦ በጣት ተከትሎ እስከ ቁልፉ መድረስ ይቻላል። ደግሞስ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አንድ ጊዜ በእግር የወጣ ሰው፣ አሮጌ መኪና አልቋል ብሎ ይከራከራል?

የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነበር፤ ቁልፍ ሲዞር እየተንፏቀቀ ያዞር ነበር። ያየ ሁሉ «ባትሪዋ ሞቷል» አለ። የክበቡ ሕግ ግን ሳይለኩ መግዛት የለም ይላል። ባትሪው በዕረፍት 12.5 ቮልት፣ ሞተሪኖው እየዞረ 10.4 ቮልት አሳየ። ከ9.6 በታች እስካልወረደ ድረስ ባትሪውን መክሰስ አይቻልም። ከዚያ የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ ተይዞ ቁልፉ ዞረ፤ 1.3 ቮልት ተነበበ። እዚያ ከግማሽ ቮልት በላይ መታየት የለበትም። ያ ሁሉ ቮልት በማሳው መንገድ ላይ ይቀር ነበር ማለት ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩና ማርሹ በጎማ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ከማርሽ ሳጥኑ አፍንጫ ወደ ቦዲው የሚሄደው የተጎነጎነ ሽቦ ከዛገ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል። ተፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ፣ ተጠብቆ ታሰረ፣ ከላይ ግራሶ ተቀባ። ንባቡ ወደ 0.2 ወረደ። የጠፋው ገንዘብ የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ ብቻ ነው። በዚያው ባትሪውን ወፍራም ጎማ አለበስነው፤ ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ፖዘቲቩን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቮልስ ያላችሁ ወላጆች ዛሬ ማታ ወንበሩን አንሥታችሁ እዩ።

የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበት ግፊት) ልኬታችን ደግሞ የፊዚክስ መምህራንን ሳይቀር አነጋግሯል። መለኪያውን ሠፈራችን ካለ ጋራዥ ተውሰን፣ ሞተሩን አሙቀን፣ አራቱንም ካንዴላ (በየሲሊንደሩ እሳት የሚሰጠውን) አውጥተን፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቅለን፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ረግጠን አዞርን። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሲሊንደር 88፣ 86፣ 58፣ 85 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ወጣ። የጥገና መጽሐፉ ከ100 በላይ ስለሚል ልጆቹ ሞተሩ አለቀለት ብለው አዘኑ። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ስለሆነ ንባቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ዋናው ነገር ከመጽሐፉ ጋር ማወዳደር ሳይሆን አራቱን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ታማሚው 3ኛው ነው።

በ1968ቷ ቮልስ 3ኛ ሲሊንደር መታመሙም ያለ ነገር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው እሱን በሚያቀዘቅዘው ነፋስ መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ የጭስ ማስወጫ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለውም የእሱ ነው። ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ስንከፍት ያ ቫልቭ ምንም ክፍተት አልነበረውም፤ 0.15 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። ክፍተት ከሌለ ቫልቩ ሞተሩ ሲሞቅ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ ደግሞ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት መቀመጫ አጥቶ ይቃጠላል። በመለኪያው ቅጠል ተስተካክሎ እንደገና ሲለካ 79 ደረሰ። ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ክፍተቱ በየወሩ ይታያል፤ ቶሎ ቶሎ ከጠበበ ቫልቩ እየተለጠጠ ነው፣ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ራስ) መውረዱ አይቀርም። (አንዳንድ ሰው ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ፈትኑ ብሎ መክሮናል። የቮልስ ሲሊንደር የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ታች ይጠራቀማል እንጂ ዙሪያውን አያሽግም፤ ውጤቱ አያስተማምንም።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መኪናዋ በብርድ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትሠራለች፣ ከዚያ ተንጠጣጥላ ትጠፋለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። የተጠየቀ ሁሉ «ቦቢና ነው፣ ሲግል ይሞታል» አለ። ለቦቢና ገንዘብ ማዋጣት ተጀምሮ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን አላዋጣም አለች፤ ብር አጥታ ሳይሆን፣ «ገና አልለካነውም» ብላ ነው። በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

መኪናዋ በጠፋችበት ቅጽበት ሁሉን እሷ አስለካች። በመጀመሪያ ቤንዚን፦ የአየር ፊልትሮው ተነስቶ የካርቡራተሩ ክንድ ሲጎተት በጉሮሮው ውስጥ ቤንዚን ቀጥ ብሎ ይረጫል፤ ስለዚህ ነዳጅ አለ። ቀጥሎ እሳት፦ ከቦቢናው የሚወጣው ወፍራም ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች ከሚያከፋፍለው) ተነቅሎ፣ ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ተይዞ፣ ከሞተሩ ብረት በ6 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ሞተሪኖው ዞረ። ሰማያዊ ሆኖ መጮህ የነበረበት እሳት ቢጫና ቀጭን ነበር። ቦቢናው ሳይቀዘቅዝ ተለካ፤ የመጀመሪያው ጥምጥም በብርድ 3.3 ኦም የነበረው 3.8 ሆኗል። መዳብ ሲሞቅ በዚህ ልክ መጨመሩ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ጥምጥምም አልተቋረጠም። በመጨረሻ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ተነስቶ፣ ቁልፉ በርቶ፣ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውና የሚያገናኘው) በካቻቢቴ ሲከፈትና ሲዘጋ መካከሉ ላይ ወፍራም ሰማያዊ እሳት ይዘላል። እዚያ መታየት ያለበት ከቁጥር የማይገባ ብልጭታ ነው። ወንጀለኛው ከፑንቲናው ጋር የተያያዘው ትንሹ ኮንደንሰር ነበር። ፑንቲናው በሚከፈትበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩን መዋጥ ሲገባው፣ ሲግል ውስጡ ይላቀቅና አይውጥም፤ እሳቱ በካንዴላው ፈንታ በፑንቲናው ላይ ያልቃል።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሄድነው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሻጩ የሰማው ምልክት ላይ ተመሥርቶ ቦቢናውንና ዲስትሪቢዩተሩን ሙሉውን ቀይሩ አለ። ልጅቷ «ጋሼ፣ ቦቢናው ተለክቷል፣ ደህና ነው። እኛ የምንፈልገው ኮንደንሰር ነው፤ እሱንም ልለካው ይፍቀዱልኝ» አለች። ማን ለካው አላት። «እኔ» አለች። ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ መሳቢያውን ከነእቃው አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። 0.20 እና 0.25 ማይክሮፋራድ መካከል የሚያሳይ ፈለገች፤ ከካርቶኑ ያልወጡ ሆነው ምንም የማያሳዩም ነበሩ። 0.23 ያሳየውን ለየች። ከዚያ ሻጩ ራሱ «የቀሩትንም ለኪልኝ» አላት፤ የሞቱትን ለብቻ እየለየ። ሌላ ደንበኛ መጥቶ ሲጣራ፣ «ቆይ፣ ልጅቷ እየለካች ነው» ብሎ አስጠበቀው። አዲስ ፑንቲናም በቅናሽ ሰጠን።

አዲሱ ኮንደንሰርና ፑንቲና ተገጠሙ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ተደረገ፤ ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉም (እሳቱ የሚወጣበት ቅጽበት) ስለሚነካ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ከዚያ አንዲት ባለ 12 ቮልት አምፖል ከቦቢናው 1 ቁጥርና ከማሳ ጋር ተያይዛ፣ ፒስተኑ ከሚደርስበት ከላይኛው ነጥብ 7.5 ዲግሪ ቀደም ብላ እንድትበራ ዲስትሪቢዩተሩ ተዞሮ ታሰረ። ቮልሷ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳትጠፋ ሠራች። ልጆቹ ሲጨፍሩ እሷ አሮጌውን ኮንደንሰር ይዛ መጣችና «አሁን ይህን መልሰን እንግጠመው» አለች። ጉርምርምታው ቀላል አልነበረም። ተመልሶ ተገጠመ፤ ቮልሷ ሩብ ሰዓት ሠርታ ጠፋች። ይኼኔ ነው ደብተሯ ላይ «ተረጋገጠ» ብላ የጻፈችው። ከኮንደንሰሩ ጋር አብሮ የተቀየረው ፑንቲና እንዳላሳታት ለማወቅ መሆኑ ነው። ይህን ያስተማራት የለም። ብዙ ጋራዥ ውስጥም አይደረግም።

ያልተሳካልንም አለ። አንድ ካንዴላ ጥርሱን ስቶ ገብቶ የቴስታታውን ጥርስ በላ፤ ቴስታታው ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ ካንዴላ የመጀመሪያውን ዙር በጣት እንጂ በመፍቻ አይጀመርም። ቶርኖ ቤት አዲስ ጥርስ አስገባልን፤ ሒሳቡ ከክበቡ በጀት ግማሹን ወሰደ። በሰኔ ዝናብ ዲስትሪቢዩተሩ ርሶ ደጋግሞ አስቸግሮናል፤ ለላስቲክ ሸራ ያቀረብነው ጥያቄ እስካሁን «በሂደት ላይ» ነው። የእግር ኳስ ክበባችን በዓመት ሁለት ጊዜ ማልያ መቀየሩ ደስ ይለናል፤ 19 ልጆች በአንድ መልቲሜትር መሰለፋቸውንም ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ) ቢያየው አይከፋንም።

በ2018 ሥራው ፍሬን ነው። ፔዳሉ ጥልቅ ይላል፤ የጎማዎቹ የፍሬን ሲሊንደሮች ያፈሳሉ። በዚህ ምክንያት ቮልሷ በመምህር እጅ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ የእጅ ፍሬኗን ተማምና ካልሆነ አትንቀሳቀስም፤ ከበር ውጭ ደግሞ አትወጣም። ክሪክ አለን፤ ግን በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ልጅ አይገባም። አራት የብረት መደገፊያ፣ ሁለት መልቲሜትር፣ አንድ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ አንድ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እንፈልጋለን። የፍሬን ዘይት የምትለግሱም ትኖራላችሁ፤ ዶት 4 ይሁን፣ ጣሳውም ያልተከፈተ ይሁን። የተከፈተው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲግል ይፈላል፣ ሲሊንደሩንም ያዝጋል፤ ስለዚህ ብታመጡልንም አንቀበልም። ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ከላቦራቶሪው ጀርባ አለን።