ጂኦሎጂ ለደረሰሽ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

በስልክ «ጂኦሎጂ ደረሰኝ» ስትዪኝ ድምፅሽ መቀዝቀዙ ከነከነኝ። እዚህ ካሳንቺስ ደግሞ ያገኘኝ ሁሉ «ወርቅ ልትፈልግ ነው?» ይለኛል። እኔ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል። ኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለሁ፣ ምክንያቱን በካርቦን ልንገርሽ።

ካርቦን እዚህ መሬት ላይ አልተሠራም። ባረጁ ከዋክብት ሆድ ውስጥ ሦስት የሂሊየም ኒውክለሶች፣ ማለትም የአቶም አስኳሎች፣ ሲዋሃዱ ነው የሚወለደው። ኮከቡ ሲሞት ጠፈር ላይ ይበተናል። የዛሬ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ስትሠራ ከአቧራው ጋር አብሮ ገባ። የደረሳት ግን ጥቂት ነው፤ ለፀሐይ በቀረበው ሞቃት ሰፈር አብዛኛው ጋዝ ሆኖ አመለጠ።

ያቺው ጥቂቷም ላይ ላዩን አልቀረችም። መሬት ገና ቅልጥ እያለች ብረቱ ከብዶ ወደ መሃል ሰመጠ። ብረት ደግሞ ካርቦን ይወዳል። ሰፈራችን በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ የሚታሰረው ፌሮ የሚጠነክረው ከመቶ አንድ እንኳ በማትሞላ ካርቦን ነው። ብረቱ ሲወርድ ካርቦኑን ይዞት ወረደ። ብዙው ዛሬም ከ2,900 ኪሎ ሜትር በታች፣ እምብርቱ ውስጥ እንዳለ ይታሰባል። እዚያ ወርዶ ያየ የለም። ተመራማሪዎች ቅንጣት ብረትና አለት አንድ ላይ እየጨመቁ፣ እያቀለጡ፣ ካርቦኑ ወደየትኛው እንደሚያደላ ይለካሉ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ በማትበልጥ ናሙና የፕላኔት ሆድ ሲታወቅ!

ከእምብርቱ በላይ ባለው ወፍራም የአለት ንብርብር፣ ማንትል በሚባለውም፣ ካርቦን አለ። አብዛኛው አልማዝ የሚሠራው እዚያ፣ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እሳተ ገሞራና ስምጥ ሸለቆም ጋዙን ወደ ላይ ያወጡታል። የአምቦ ምንጭ ውሃ የሚንፈቀፈቀው ከጥልቅ በሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የወጣው ሁሉ አየር ላይ ቢቀር ኖሮ አለቀልን ነበር። ቬነስን እዪ፤ አየሯ 96 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ገጿ 460 ዲግሪ ገደማ ይግላል። የእኛ አየር ግን 0.04 በመቶ ብቻ አለው። ሌላው የት ገባ? ዝናቡ ከአየር አጥቦ፣ አለቱን እየሸረሸረ ባሕር ውስጥ ከተተው፤ እዚያ የኖራ ድንጋይ ሆነ። አንቺ መቐለ ላይ የምትረግጪው ድንጋይ ይሄው ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያ አገር ባሕር ነበር። ቁራጭ አንሺና ፈጭተሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። የሚንፈቀፈቀው ያ የታሰረው ጋዝ ነው።

ይሄን የሚያጠና ሰው አገራችን ያስፈልጋታል። አንቺ ብትሆኚ ደግሞ ኩራቴ ነው።

ለፊልድ የሚሆን ጠንካራ ጫማ ግዢ፤ ብሩን በቴሌብር ልኬልሻለሁ። የሎሚውን ነገር ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ