ኤሌክትሪክ መኪናው ሲገባ ድምፁም ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይግባ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች በተደጋጋሚ ይጽፋል፤ የምናነበው ግን በአብዛኛው ስለ ዋጋቸው፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች እጥረትና ስለ ባትሪያቸው ዕድሜ ነው። እኔ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቂሊንጦ አካባቢ የምኖር የአውቶሞቲቭ ሙያ አስተማሪ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እምብዛም ስላልተነሣ ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚህ መኪኖች በሌሎች አገሮች ለገበያ ሲቀርቡ በሕግ ተገደው የሚይዟቸው የደኅንነት መሣሪያዎች አሉ፤ መኪኖቹ እኛ ዘንድ ሲደርሱ መሣሪያዎቹ መኖራቸውንና መሥራታቸውን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየም መንደሮቹ የሚወስዱትን መንገዶች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የእግረኛ መንገድ አንዳንድ ቦታ ጭራሹን የለም፤ ባለበትም ቦታ ግማሹ በአሸዋና በብሎኬት ክምር ተይዟል። ስለዚህ ሰዉ የሚሄደው በአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘግሙ እናቶች፣ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ የሚሄዱ አባቶች፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚጣደፉ ሠራተኞች፣ በሕንፃዎቹ መካከል ኮብልስቶኑ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ሁሉም ከኋላቸው መኪና መምጣቱን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። አይሱዙው፣ ባጃጁና አሮጌው ሚኒባስ ከሩቅ ስለሚሰሙ እግረኛው ዞር ብሎ ማየት ሳያስፈልገው ጥጉን ይይዛል። የመንገድ መብራት በሌለበት ወይም መብራት በጠፋበት ምሽትማ ከጆሮ ሌላ መተማመኛ የለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲገለጽ ከደገፉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ፣ ከጂቡቲ በቦቴ አጓጉዞ ማቃጠል ከውኃ ኃይል በምናገኘው ኤሌክትሪክ ከመሄድ የሚሻልበት ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን በውሳኔው መሠረት መኪናው ለመግባት የሚጠየቀው በዋናነት በምን እንደሚሠራ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በሩ ተከፈተለት ማለት ነው። ስለ ሌላው ነገር የሚደረገው ጥያቄ እጅግ ቀጭን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ዝምታ የሚያሳስበው በሁሉም ፍጥነት አይደለም። መኪና ፍጥነት ሲጨምር የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚፈጥረው ስለሆነ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪናና በሚሄድ የቤንዚን መኪና መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። አደጋው ያለው ከዚያ በታች፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ፣ ከቆመበት ሲነሣና በኋላ ማርሽ ሲመለስ ነው። ይህ ደግሞ በመኖሪያ መንደር፣ በትምህርት ቤት በርና በገበያ ዳር የሚነዳበት ፍጥነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ችግሩን ቀድመው ያዩት አገሮች መፍትሔውን፣ ማለትም መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ራሱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያወጣ ማድረግን፣ ለባለመኪናው በጎ ፈቃድ አልተዉትም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያ አወጣች፤ አሜሪካ የዓይነ ስውራን ማኅበራት ባደረጉት ግፊት በ2011 መጀመሪያ ላይ የእግረኞችን ደኅንነት የሚያጠናክር ሕግ አጸደቀች። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሽከርካሪ ደንቦችን የሚያስማማው መድረክ ያወጣው ደንብ ቁጥር 138 እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ውሏል። የአውሮፓ ኅብረትም ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ በአዲስነት ለሚመዘገቡ የኤሌክትሪክና የሀይብሪድ መኪኖች በሙሉ ግዴታ አድርጎታል። ደንብ ቁጥር 138 መኪናው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ድምፅ እንዲያወጣ ያዛል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ቢያንስ 50 ዴሲቤል፣ በ20 ኪሎ ሜትር ቢያንስ 56 ዴሲቤል። ይህ ጎረቤት የሚረብሽ ጩኸት አይደለም፤ በዝቅተኛ ድምፅ የሚደረግ ጨዋታ ያህል ነው። እኔን በተለይ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ድንጋጌ ነው፦ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር የድምፁ ቅጥነት አብሮ ከፍ ማለት አለበት። እንዲህ ከሆነ የሚሰማው ሰው መኪና መኖሩን ብቻ ሳይሆን እየፈጠነ ወይም እየዘገየ መሆኑንም ያውቃል። ደንቡ በመጀመሪያ ሲወጣ ሾፌሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያጠፋበትን ቁልፍ ይፈቅድ ነበር፤ በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ግን ያ ቁልፍ ተከልክሏል።

እኛ ጋ የሚነዱ ብዙ መኪኖች ይህ ቁልፍ አላቸው። አንዳንዶቹ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ላይ በስክሪኑ ምርጫዎች ውስጥ ይገኛል። ባለቤቶቹ ድምፁን «የሚያስጠላ ፉጨት» ብለው ሲያጠፉት በዓይኔ አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ ጥቅሙን የነገራቸው የለም። ግን ከመንገድ ዳር ስለሚሄደው ሰው ደኅንነት የሚወስነው መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ምቾት ሊሆን አይገባም። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ደግሞ ለማንም አዲስ አይደለም።

ከከተማዋ በሌላው ጫፍ፣ ሰበታ ላይ፣ ብዙ ትውልድ ያፈራ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ በነጭ በትርና በጆሯቸው መንገድ ማቋረጥን ይማራሉ። ዓይናማው እግረኛ ድምፅ ባይሰማ እንኳ ዞር ብሎ ማየት ይችላል፤ እነርሱ ግን ፊታቸው ያለው አስፋልት ባዶ መሆኑን የሚያረጋግጡት ድምፅ ባለመኖሩ ነው። ስለዚህ ድምፁ የጠፋበት የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱ ባዶ ነው እያለ የሐሰት ምስክርነት ይሰጣቸዋል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በዚህ ጉዳይ መመሪያ ለማውጣት ካሰበ፣ ከማንም በፊት ሊያማክረው የሚገባው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ነው።

«ክላክስ አለ አይደል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ክላክስ የሚነፋው ሾፌሩ እግረኛውን ካየው በኋላ ነው፤ ያላየውን ሰው የሚያድን ድምፅ ሾፌሩ ሳያስበው የሚወጣው ብቻ ነው። ደግሞም በኮንዶሚኒየም መካከል በየመታጠፊያው ክላክስ ይነፋ ቢባል እንቅልፍ የሚያገኝ ሰው አይኖርም። ወጪ ይጨምራል የሚለው ክርክርም ብዙ የሚያራምድ አይመስለኝም፤ መሣሪያው በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣ ስለሆነ የሚቀረው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይኸኛው ግን የሚነካው መኪናው ውስጥ ያሉትን ነው። ወደ አገራችን ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል በርካቶቹ ለቻይና የውስጥ ገበያ ተሠርተው በነጋዴዎች በኩል የመጡ በመሆናቸው፣ ስክሪናቸው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በቻይንኛ ነው። ባለቤቶች ስልካቸውን ስክሪኑ ላይ ደግነው በመተርጎሚያ መተግበሪያ እያነበቡ ይለማመዱታል፤ ሬዲዮና ቬንትሌተር ለማስተካከል ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ጣጣው የሚመጣው መኪናው አስቸኳይ ነገር ሊናገር ሲፈልግ ነው።

ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው የባትሪ ደኅንነት ደረጃ፣ ከባትሪው ሴሎች አንዱ ከቁጥጥር ውጭ ሲግልና ሙቀቱ ወደ ሌሎቹ መዛመት ሲጀምር፣ በተሳፋሪዎች ላይ አደጋ ከመድረሱ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቀድሞ መኪናው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆን የወጣው የተሻሻለው ደረጃ ደግሞ ባትሪው ጭራሹን እንዳይቃጠልና እንዳይፈነዳ ይጠይቃል። የቀድሞው ደንብ መነሻ ግልጽ ነው፦ 5 ደቂቃ መኪናውን ጥግ አስይዞ ልጆችን ከኋላ መቀመጫ ለማውረድ ይበቃል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ሾፌሩ በማያነበው ጽሑፍ ከወጣ፣ ከእነዚያ ደቂቃዎች ስንቱ ስልክ አውጥቶ ለመተርጎም ይባክናል? ምናልባትም ሾፌሩ የጎማ ነፋስ ጉዳይ መስሎት ጉዞውን ይቀጥላል። ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ አንሥቼላቸው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ «መኪናው ያስጠነቅቃል፣ ግን እኛን አይደለም» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ እፈልጋለሁ። አምራች ኩባንያዎች የደኅንነት መሣሪያ የሚገጥሙት የገበያው ሕግ የሚጠይቃቸውን ያህል መሆኑ ሲደጋገም ታይቷል። ግሎባል ኤንካፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ለአፍሪካ ገበያ የሚሸጡ መኪኖችን እያጋጨ ሲፈትሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ የሚሸጠው ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒክአፕ ለአዋቂ ተሳፋሪዎች ዜሮ ኮከብ አገኘ። ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ መኪና በአውሮፓ ከተሸጠ ያገለገለ የኒሳን ፒክአፕ ጋር አጋጭቶ አሳየ፤ በሁለቱ መካከል የታየው የጥበቃ ልዩነት በጣም ሰፊ ነበር። ኩባንያው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የየገበያው ሕግና የገዢዎቹ ጥያቄ ነው። እኛም የማንጠይቅ ከሆነ ያልተጠየቀው አይላክልንም። የቻይናውን የውስጥ ገበያ ደረጃ ለመናቅ አይደለም፤ ከብዙ አገሮች የጠነከረባቸው ነጥቦች አሉት። ግን የተጻፈው ቻይንኛ ለሚያነብ ሾፌርና የእግረኛ መንገድ ላለው ከተማ ነው።

ይህን ለማስተካከል አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ ከመመዝገቡ በፊትና ከዚያም በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ምርመራው ፍሬንን፣ መሪን፣ መብራትንና ጎማን ሲያይ የኖረ ነው፤ የጭስ ጉዳይ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራ ስላልሆነ በዚያ ምትክ ድምፁ ይፈተሽ። አፈጻጸሙም ውስብስብ አይደለም፦ በምርመራ ግቢው ውስጥ መኪናው ከ20 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ወደፊትም ወደኋላም ይነዳ፣ መርማሪው ውጭ ቆሞ ያዳምጥ፣ ከተቻለም በድምፅ መለኪያ ይለካ፤ ማጥፊያ ቁልፉም በጋራዥ እንዲዘጋ ይደረግ። ድምፅ የማያወጣ መኪና ቦሎ አይሰጠው። የመጀመሪያው ምዝገባ ላይ ደግሞ ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንደሚይዝ ሁሉ የኤርባጎቹን ብዛትና የእግረኛ ማስጠንቀቂያ ድምፁን መኖር ቢይዝ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል፤ ተጋጭታ የተፈነዳ ኤርባጓ ሳይተካ ሽፋኑ ብቻ የተለጠፈላት መኪና ገዝቶ መታለልም ይቀንሳል።

የስክሪኑን ቋንቋ በተመለከተ ኃላፊነቱ የአስመጪው ሊሆን ይገባል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የማስጠንቀቂያ መልእክቶቹ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ፣ ይህ ለጊዜው ካልተቻለ ቢያንስ በእንግሊዝኛ እንዲሆኑ በአስገዳጅ ደረጃ ሊወስን ይችላል። ሶፍትዌሩን መቀየር የማይቻልባቸው ሞዴሎች አሉ የሚለውን አውቃለሁ። ለእነርሱ አስመጪው የቀይና የቢጫ ምልክቶቹን ትርጉምና ሾፌሩ ወዲያውኑ ሊወስደው የሚገባውን እርምጃ የያዘ አንድ ገጽ አትሞ፣ ከመኪናው ጋር እንዲያስረክብና በጓንቲ ሳጥኑ ውስጥ እንዲቀመጥ ይገደድ። ይህ ርካሽ ነው፤ ነገ ሊጀመር ይችላል።

ቀድመው የገቡት መኪኖች ከዚህ ውጭ ሊሆኑ አይገባም፤ ለእነርሱ የአንድ ዓመት የማስተካከያ ጊዜ ሰጥቶ በሚቀጥለው የቦሎ ዕድሳት መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። በተለይ በሜትር ታክሲነትና በሚኒባስነት የሚሠሩት ቀኑን ሙሉ በመንደሮች መካከል ስለሚመላለሱ ቅድሚያ ቢሰጣቸው መልካም ነው። ጋዜጣችሁም ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች በሚቀጥለው ጊዜ ሲጽፍ ይህን ጥያቄ ለሚኒስቴሩና ለአስመጪዎቹ አቅርቦ መልሳቸውን እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የአውቶሞቲቭ ሙያ አስተማሪ፣ ቂሊንጦ፣ አዲስ አበባ