“ሥዕሉን ተመልከቱ” ብሎ ማለፍ ይብቃ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ቋንቋ የማስተምር መምህር ነኝ። በቅርቡ ስለ ክትባት ዘመቻ የሚገልጽ በራሪ ወረቀት ለተማሪዎቼ አደልኩና አንዷን ድምፅ አውጥታ እንድታነብልን ጠየቅኋት። አንድ ቃል ሳትስት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። “የስድስት ዓመቱን ወንድምሽን ይመለከተዋል?” ብዬ ስጠይቃት ግን ዝም አለች። መልሱ በወረቀቱ ግርጌ ባለች ትንሽ ሠንጠረዥ ውስጥ ነበር፤ በየዕድሜው የሚሰጠው ክትባት ተዘርዝሯል። እሷ ግን ሠንጠረዡን እንደ ጌጥ ቆጥራ ዘልላዋለች። ዞር ብዬ ሌሎቹን ብጠይቅ አብዛኞቹም እንደ እሷው ነበሩ።

ይህች ልጅ ጎበዝ አንባቢ ናት። ጥፋቱ የእኛ ነው። ንባብ ማለት ከመስመር ወደ መስመር መውረድ ነው ብለን አስተማርናት፤ በራሪ ወረቀት ግን እንደዚያ አይነበብም። ዓይን ከርዕሱ ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ ጥግ ጽሑፉ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ርዕሱ መሄድ አለበት። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግራፍ ወይም ሥዕላዊ መግለጫ ሲያጋጥመን “ሥዕሉን ተመልከቱ” ብለን ገጹን እንገልጣለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። የቋንቋ መምህሩ ግራፍ የሒሳብ ነው ይላል። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ በማስመሪያ አስተካክሎ መሣልን ያስተምራል። “ይህን ማን ሠራው? ለምን እንዲህ አድርጎ ሠራው?” የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ወድቆ ይቀራል።

አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ ሁለት አምዶች ሣልኩ፤ አንዱ 92ን፣ ሌላው 94ን ያሳያል። ቋሚውን መስመር ግን ከ90 አስጀመርኩት። “ሁለተኛው ከመጀመሪያው በምን ያህል ይበልጣል?” ብል ክፍሉ በአንድ ድምፅ “እጥፍ ነው!” አለ። መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው መጣና ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ወረደ። “መምህር፣ ይሄ ከዜሮ አይጀምርም እኮ!” አለ። አምዶቹን ከዜሮ አስነሥቼ እንደገና ስሥላቸው ቁመታቸው እኩል መሰለ። የዚያን ልጅ ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሆኖም “ከዜሮ የማይጀምር ግራፍ ሁሉ ውሸት ነው” ብሎ ማስተማርም ስሕተት ነው። የሕመምተኛን የሰውነት ሙቀት ከዜሮ ጀምረን ብንሥል የ37 እና የ39 ዲግሪ ልዩነት ጠፍጣፋ መስመር መስሎ ይቀራል፤ ትኩሳቱ ይደበቃል። ስለዚህ ልጆቹ መያዝ ያለባቸው ደንቡን ሳይሆን ጥያቄውን ነው፦ ይህ አሣሣል ምን አጎላ? ምንስ አሳነሰ?

እጅግ የምወደው ትምህርት የሐኪሙ የጆን ስኖው ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ኮሌራ ሲገባ ስኖው በኋላ ባወጣው ካርታ እያንዳንዱን ሞት በየቤቱ በጥቁር ምልክት አሰፈረ፤ ምልክቶቹም በብሮድ ጎዳና በሚገኘው የውኃ መቅጃ ዙሪያ ተከማቹ። ተማሪዎች ይህን ቶሎ ያዩታል። እኔ ግን ባዶውን ቦታ እንዲፈልጉ አደርጋቸዋለሁ። ከመቅጃው አጠገብ የቢራ ፋብሪካ አለ፤ ሠራተኞቹ ግን በኮሌራ አልሞቱም። ለምን? ግምታቸውን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ሠራተኞቹ ቢራ ይጠጡ እንደነበርና ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድ እንደነበረው እነግራቸዋለሁ። ምልክት የሌለበት ቦታም እንደሚነበብ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው።

በራሪ ወረቀት ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ይዤ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬያለሁ። “እስከ 50 በመቶ ቅናሽ” የሚል ማስታወቂያ ነበር። 50 የሚለው ቁጥር ገጹን ሞልቶታል፤ “እስከ” የምትለው ቃል ግን ከጥፍር አትበልጥም። አንድ ዕቃ ብቻ በግማሽ ተቀንሶ ሌላው ሁሉ በ5 በመቶ ቢቀንስ እንኳ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይሆንም። ይህ ንጹሕ የቋንቋ ትምህርት ነው፤ የሒሳብ መምህሩን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በየግድግዳው ተለጥፎ፣ በየእጁ ታድሎ ይገኛል። በሳምንት አንድ ወረቀት፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ማን አወጣው፣ ለማን ነው፣ መቼ ተጻፈ፣ ምን እንዳደርግ ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ይለመድ። በመጨረሻም ልጆቹ ራሳቸው አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ይሣሉት፤ አንድ ጊዜ በቅንነት፣ አንድ ጊዜ ሆን ብለው አሳሳች አድርገው። አሳሳቹን የሠራ ልጅ በሌላ ሰው አሳሳች ግራፍ በቀላሉ አይታለልም። ፈተና አውጪዎችም “ከፍተኛው አምድ የትኛው ነው?” ከሚለው ጥያቄ አልፈው “ከዚህ ግራፍ በመነሣት ምን ማለት አይቻልም?” ብለው ቢጠይቁ መምህራን ትምህርቱን በቁም ነገር ይይዙት ነበር።

ክቡር አዘጋጅ፣ እርስዎንም የምጠይቅዎት ነገር አለ። ጋዜጣችሁ ግራፍ ባወጣ ቁጥር መረጃው ከየት እንደተገኘና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍልን። ቋሚው መስመር ከዜሮ የማይጀምር ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጠቀስ። ጋዜጣውን ወደ ክፍል ይዤ ስገባ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቋንቋ መምህር