ከሙስታንጓ ሥር የተጻፈ ደብዳቤ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸውስ ሻል አለው? ልጆቹማ አድገው መንገድ ላይ ባገኛቸው የማውቃቸው አይመስለኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቀድሞ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ለሽማግሌ እንተወውና ወደ ወሬዬ ልግባ።

ሥራዬ ያው ነው፤ የከተማ አውቶቡስ እጠግናለሁ። ደብዳቤው ግን ስለ አውቶቡስ አይደለም። መኪና ገዛሁ። ኮሮላ እንዳይመስልህ፤ የ1967 ፎርድ ሙስታንግ፣ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) እዚህ ያሉ ዘመዶቻችን ሲሰሙ «በዚህ ብር ሱሉልታ ቦታ አይገዛበትም ወይ?» አሉኝ። ጭራሽ እንደምወዳደርባት ስነግራቸው ጠበል እንድሄድ መከሩኝ። አንተ ግን ነገሩ ይገባሃልና ከሥሯ ጀምሬ ላጫውትህ።

ውድድሩን አውቶክሮስ ይሉታል። ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለበትም። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም ሥራ ያቆመ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ብርቱካናማ ኮኖች ይደረደሩና መኪናው ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። የገጨኸው እያንዳንዱ ኮን 2 ሴኮንድ ያስጨምርብሃል፤ ሰው በመቶኛ ሴኮንድ በሚበላለጥበት ጨዋታ ላይ 2 ሴኮንድ ማለት አለቀልህ ማለት ነው። ትልቁ አዘጋጅ በ1944 የተመሠረተው ኤስሲሲኤ የሚባለው የስፖርት መኪና ክለብ ሲሆን፣ አገር አቀፉ ውድድር ነብራስካ ውስጥ ሊንከን ከተማ ይካሄዳል። መስል ካር ለሚባሉት ለአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ካም የሚባል የራሳቸው ምድብ አላቸው። ከዙርህ ውጪ ባለው ሰዓት ቢጫ ሰደርያ ለብሰህ የሌላውን ኮን ታነሳለህ፤ ሚሊየነሩም ያነሳል፣ እኔም አነሳለሁ። ይሄ ነገሩ ደስ ይለኛል።

አብዛኛው ዙር የሚነዳው በሁለተኛ ማርሽ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ብዙም አያኮራህም፤ ሥራው ያለው መታጠፉ፣ መቆሙና ከመታጠፊያው መውጣቱ ላይ ነው። ሙስታንግ ደግሞ እዚህ ላይ ስሟ ከአካሏ ይበልጣል። ፎርድ በ1964 ሲያወጣት መሠረቷ ፋልከን የምትባል ርካሽ የቤተሰብ መኪና ነበረች። ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ላሜራው ነው። ከፊት ሞላው የተቀመጠው ጎማውን ከአካሏ ጋር ከሚያያይዙት ክንዶች በላይኛው፣ በላይኛው ብራቾ፣ ላይ ነው፤ ከኋላ ያንተው ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበው የብረት ሞላ፣ አለ። ከክብደቷ ከግማሽ በላይ ያረፈው የፊት ጎማዎቿ ላይ ነው።

ሜዳ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ጠንካራ ሞላ ግዛ» አለኝ። አልገዛሁም። በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ባለቀ፣ ላሜራው በሚወዛወዝ መኪና ላይ ጠንካራ ሞላ ብታስገባ ጭነቱን ወደ ደካማው ቦታ ትገፋዋለህ እንጂ ጎማውን መሬት ላይ አታሳርፈውም። አንተ ሶማሌ ተራ ዕቃ ልንገዛ ስንወጣ «ልቅ ነገር ላይ አዲስ ዕቃ አይገጠምም» ትለኝ የነበረውን ይዤ ጀመርኩ።

ከፊት ግራና ቀኝ ሞላውና የሞላውን መዝለል የሚያበርደው አሞርዛተር የሚገቡባቸው ሁለት የላሜራ ቤቶች አሉ። ጭነቱን ሁሉ እነሱ ስለሚችሉ በዘመን ብዛት ወደ ሞተሩ ይጠጋጋሉ፣ ብየዳቸውም ይሰነጠቃል። ሁለቱን በሞተሩ በላይ አቋርጦ የሚያያይዝ ባር ገዛሁና ልገጥመው ብል አልገባ አለ። ባሩ ልክ ነው፤ የተቀራረቡት ቤቶቹ ናቸው። በብሎን የሚከፈት ክሪክ አጋድሜ፣ ግራና ቀኙን በጣውላ ደግፌ፣ ቀስ እያልኩ ከፈትኳቸው። ስንጥቁን ፍቄ በየድኩት፤ ባሩም ያለ መዶሻ ገባ። ከኋላ ሞተሩን ከተሳፋሪው ወደሚለየው ላሜራ፣ ወደ ፋየርዎሉ፣ የሚያስር ሌላ ደጋፊም ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ስነዳት መሪው ላይ ያለው ስሜት ሌላ ነበር፤ ገና አንድም የሰስፔንሽን ዕቃ፣ ሞላም ሆነ አሞርዛተር፣ ሳልቀይር።

ቀጥሎ ብራቾዎቹ። የብራቾውንና የመሪውን መገጣጠሚያዎች፣ ቦል ጆይንቱንና ቴስቲኒዎቹን፣ በሙሉ ቀየርኩ። የላይኛው ብራቾ ላይ ያለው የሞላ መቀመጫ ከፋብሪካ ሲወጣ ጎሚኒ ነው፤ ብራቾው ሲንቀሳቀስ እየተጠመዘዘ ይታገለዋል። በኩሽኔታ የሚዞር መቀመጫ ይሸጣል፤ እሱን አስገባሁ። ለዚህ ላወጣሁት ገንዘብ አልቆጭም። የብራቾውን ጎሚኒ ግን ጎማ ላስቲክ እንደሆነ ተውኩት፤ ብሎኑንም ያጠበቅኩት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ካጠበቅከው ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ወዲያው ይቀደዳል። ላንድክሩዘሩ መሬት ሳይነካ የባሌስትራውን ዓይን ሳጠብቅ ያገኘኸኝ ቀን የጮህክብኝ ጩኸት እስከዛሬ ይሠራል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ መኪናዋ እጅህ ብትገባ ያስፈልግሃልና። የታችኛው ብራቾ አንድ ብሎን ብቻ ነው ያለው፤ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ከፊት የሚመጣ ዘንግ ነው። ሰዎች የዘንጉን ጎሚኒ ፖሊዩሬቴን በሚባል ደረቅ ፕላስቲክ ይቀይሩታል። ዘንጉ ግን ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ጫፉ ላይ መወዛወዝ አለበት። ደረቁ ፖሊ ሲከለክለው ጥርሱ ጋ ይደክምና ይሰበራል፤ በፍሬን ላይ ከተሰበረ ጎማው ወደኋላ ይሄዳል። ወይ ጥሩ ላስቲክ፣ ወይ በሉል ኩሽኔታ የሚታጠፍ ዘንግ። እኔ ባለ ኩሽኔታውን መረጥኩ፤ ቆሻሻ እንዳይገባበት ሽፋኑን ማየት ግዴታ ነው። ፖሊ ያደረግኩት የስታብላይዘሩን፣ መኪናው እንዳይጋደም ግራና ቀኙን የሚያያይዘውን ባር፣ መያዣ ብቻ ሲሆን እሱም ተራ ግራሶ አይወድም፣ የሲሊኮን ቅባት ካልሆነ እንደ አህያ ይጮኻል።

አሁን ወደ ጣፋጩ ክፍል። ካሮል ሼልቢ በ1965 ጂቲ 350 የምትባለዋን የውድድር ሙስታንግ ሲሠራ የላይኛው ብራቾ የሚታሰርበትን ቀዳዳ አንድ ኢንች፣ 25 ሚሊሜትር ያህል፣ ወደታች አወረደው። ሐሳቡ የፎርዱ መሐንዲስ የክላውስ አርኒንግ ነው። ምክንያቱን አስበው። ስትታጠፍ መኪናው ወደ ውጭ ይጋደማል፤ በፋብሪካው አሠራር የውጭው ጎማ አናቱ ወደ ውጭ ያዘነብልና በትከሻው ይሄዳል። ብራቾው ሲወርድ ማዕዘኑ ይቀየራል፤ ሞላው በታመቀ ቁጥር የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፊቱም አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ወጪው የመሰርሰሪያ ጫፍና የቀዳዳውን ቦታ የሚያሳይ ቁራጭ ላሜራ ነው። በብዙ ሺህ ዶላር ከሚሸጡት ሙሉ የፊት ሰስፔንሽኖች በፊት ይሄን ያልሠራ ሰው ገንዘቡ የተረፈው ነው።

አላይመንቱ ላይ የፋብሪካውን ቁጥር ረሳሁት፤ ያ የተጻፈው ለዚያ ዘመን ጎማ ነው። ካምበሩን፣ የጎማውን ወደ ጎን ማዘንበል፣ ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል ኔጋቲቭ (አናቱ ወደ ውስጥ)፣ ካስተሩን፣ ጎማው በመሪ የሚዞርበትን መስመር ማዘንበል፣ ወደ አራት ዲግሪ ፖዚቲቭ (አናቱ ወደ ኋላ) አመጣሁት፤ ቶው፣ የጎማዎቹ ፊት መቀራረብ ወይም መራራቅ፣ ዜሮ አካባቢ ነው። በ1967ቷ ላይ ካምበሩ የሚስተካከለው በታችኛው ብራቾ ጠማማ ብሎን ነው፣ ካስተሩ ደግሞ በዚያው ዘንግ ዳዶዎች። እዚህ ያለ አንድ የአላይመንት ቤት «ኮምፒውተሩ ቀይ ነው የሚያሳየኝ» ብሎ አልሠራም አለኝ። ጋራዤ ውስጥ በሲባጎ፣ በውሃ ልክና በሜትር ሠራሁት።

ሞላውን የቀየርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ 600 ፓውንድ በኢንች፣ ማለት አንድ ኢንች ለማመቅ 600 ፓውንድ የሚፈልግ። ቁጥሩ አያስደንግጥህ፤ ሞላው ብራቾው መካከል አካባቢ ስለተቀመጠ ጎማው ጋ የሚደርሰው ጥንካሬ ሩብ ያህሉ ነው። ስታብላይዘር ላይ ደግሞ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው፤ ከ1 ኢንች ወደ 1⅛ ኢንች ብትሄድ በ60 በመቶ ይጠነክራል። ከፊት የ1 ኢንቹን አስሬ የኋላውን ጨርሶ አወጣሁት። ሻጮች ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያሻሽጡህ፤ የኋላው ግን በመታጠፊያ መውጫ ላይ የውስጡን ጎማ ያነሳዋል፣ ነዳጅ ስትሰጥ ጭስ ብቻ ይሆናል። አሞርዛተሩ በእጅ የሚስተካከል ነው። ከማስተካከልህ በፊት የድሮውን ቦታ ጻፍ፤ የምታስታውሰው ይመስልሃል፣ አታስታውሰውም።

በካም ደንብ ጎማው ላይ የተጻፈው የትሬድዌር ቁጥር፣ ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያሳየው፣ ከ200 ማነስ የለበትም። ትከሻው ላይ በጠመኔ መስመር አድርገህ ትነዳለህ፤ ስትመለስ ጠመኔው እስከ የት እንደጠፋ ታያለህ። ወደ ጎኑ ብዙ ከወረደ ነፋስ ትጨምራለህ፣ ትከሻውን ካልነካ ትቀንሳለህ። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በዚያ ዋጋ አላየሁም።

ከውድድር በኋላ መኪናዋን አንስቼ ሥሯን ሳላይ ወደ ቤት አልገባም። ስንጥቅ የነበረበትን ብየዳ በባትሪ አያለሁ፤ ቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ካለ ሥራ አለ ማለት ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ-ቦልቶች በቶርክ ሬንች እፈትሻለሁ፤ አዲስ ሲሆኑ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁልጊዜ ይላላሉ። ብሎን ሁሉ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ፣ ከዞረ ይታያል። ግራሶ መስጫዎቹን አልዘልም። የጎማውን ዳዶ ደግሞ በዙርና በዙር መሃልም እነካካለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

አሁን የምፈልግህ ለዚህ ነው። ከቆመችበት በሙሉ ኃይል ስትነሳ አክስሉ ባሌስትራውን እንደ «ኤስ» ይጠመዝዘዋል፣ የኋላ ጎማውም ይዘላል። አሞርዛተር አልፈታውም። የድሮ የክራይስለር ተወዳዳሪዎች ከአክስሉ ፊት ያለውን ግማሽ በክላምፕ ጭምቅ አድርገው ያስሩና የኋላውን ግማሽ ነፃ ይተውት ነበር፤ ፊቱ እንደ አንድ ብረት ጠንክሮ መጠምዘዙን ይከለክላል። ሐሳቡ ይጥመኛል፤ ከአክስሉ ሥር ቱቦ ከመበየድም ይቀላል። የምፈራው ዓይን ያለውን ዋናውን ብረት ነው። ክላምፑ የሚያበቃበት ቦታ ላይ አይሰበርብኝም? ከጭነት አይሱዙዎች ባሌስትራ ስታወርድ የተሰበሩትን ሁሉ አይተሃልና ታውቀዋለህ፤ አብዛኞቹ የተሰበሩት መሃል ብሎኑ ጋ ነው ወይስ ማሰሪያው ጋ? በብረቶቹ መካከል ቀጭን ነገር ላስገባ ወይስ ብረት በብረት ይሂድ? ክላምፑንስ ከዓይኑ ስንት ጣት ላርቀው?

የሁለቱን ባሌስትራ ፎቶና ልክ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። የድምፅ መልእክትም ቢሆን ይበቃኛል፤ መጻፍ እንደማትወድ አውቃለሁ። የሚቀጥለው ውድድር ከመድረሱ በፊት ዩ-ቦልቶቹን መፍታት አለብኝና ቶሎ በለኝ። ለእማማ ጉልበት የሚሆን ማሰሪያ በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ የጉልበታቸውን ዙሪያ በሜትር ለክተህ ከባሌስትራው መልስ ጋር ላክልኝ።

ያንተው ወዳጅህ