ሂላና እንጆሪ

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል?

እናትሽ ካረፉ ሁለት ዓመት ሞላ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ «እግዜር ያጽናሽ» አላልኩሽም። ወሬውን ዘግይቼ ሰማሁ፤ ከዚያ ምን ብዬ እንደምደውልልሽ ጠፋኝ። እያፈርኩ ቀኑ ሄደ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የዱር ፍሬ ነው። እዚህ ሮቫኒየሚ፣ በፊንላንድ ሰሜን፣ ሂላ ይሉታል። ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጎረቤቴ አሮጊት ቦቲ ጫማ አስደርገው ይዘውኝ ሄዱ። እዚህ አገር የዱር ፍሬ መልቀም ለማንም የተፈቀደ ነው፤ ሂላ የሚገኝበትን ረግረግ ግን ለገዛ ዘመዱ እንኳ የማይናገር ሞልቷል። እሳቸው ለእኔ አሳዩኝ!

አንድ አገዳ የሚይዘው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። በሰኔ አበባው ላይ ውርጭ ከወደቀበት እሱም የለም። ጥሬው ቀይ ነው፤ ሲበስል ወርቅማ ሆኖ ይለሰልሳል። ቀዩን ልቀጥፍ ስል እጄን ያዙኝ። ትንኙ ፊቴን እየበላው ግማሽ ቀን ጎንበስ ብዬ ባልዲዬ አልሞላም።

አንዱን አፌ ውስጥ ሳደርገው ጎምዘዝ አለ፣ ቀጥሎ ማር ማር አለኝ፤ ጥርሴ ስር ተንኮሻኮሸ። እንጆሪ! ለካ ሁለቱ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው። ደብረ ሲና ከጅረቱ ወዲያ ያለውን ቁጥቋጦ ለሌላ ልጅ እንዳንናገር እናትሽ ያስምሉን አልነበር? አፋችንንም በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉልን ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ቤት ስንገባ አሮጊቷ በእሳት የተጠበሰ ጠፍጣፋ አይብ አቀረቡ፤ ድሮ ከላም እንገር ነበር የሚሠራው። ሂላውን ከላዩ አደረጉበት። ከአይቡ ደግሞ ቆራርጠው ስኒ ውስጥ ጨመሩና ትኩስ ቡና ቀዱበት። እናትሽ ለእንግዳ ቡናው ላይ ቅቤ ጠብ ሲያደርጉ ታየኝና እንባዬ መጣ። አሮጊቷ ምንም አልጠየቁኝም፤ ደግመው ቀዱልኝ።

ሂላ በውስጡ ቤንዞይክ አሲድ ስላለው ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ቶሎ አይበላሽም፤ የዚህ አገር ሰው የበረዶውን ወራት የሚሻገረው ይህን ይዞ ነበር። በ2 ዩሮ ሳንቲማቸው ላይ እንኳ ቀርጸውታል፤ አንዱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ።

አንድ ጠርሙስ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ለገና ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን፤ መጀመሪያ ግን እናትሽ መቃብር ውሰጂኝ።

ያንቺው