በሳንካበር መንገድ ላይ ዳቦ አትወርውሩ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጥምቀት እየቀረበ ነው። ወደ ጎንደር የሚመጣው እንግዳ የፋሲልን ግንብ አይቶ፣ ታቦቱን ሸኝቶ፣ በማግስቱ መኪና ተኮናትሮ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ሰው መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲያነበው ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ አይወርውር።

ባለፈው ጥቅምት ከባለቤቴ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጄና ከጎረቤቶቻችን ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ሄድን። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። አባቴም ጣሊያን በሠራው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ የጭነት መኪና ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ነበር። እኔ ግን ከደባርቅ ወደ ቀኝ ታጥፌ ፓርኩ ውስጥ ስገባ ገና ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ልጄም ዋልያን የምታውቀው በብሔራዊ ቡድኑ ስም ብቻ ነበር። የብዙ ጎንደሬ ቤት እንዲህ ይመስለኛል፤ ያሳዝነኛልም።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን እንደ ጨረስን የወገራ ሜዳ ተዘረጋልን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ጋቢ አስደረበን። ዳባትን አልፈን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ገባን፤ ቲኬት ቆርጠን፣ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ፓርኩ ውስጥ ካለው የሳንካበር ካምፕ ሳንደርስ ጭላዳዎቹን አገኘናቸው።

መኪናው ሞተሩን ሲያጠፋ መጀመሪያ የሰማነው የሣር መበጠስ ድምፅ ነበር። ከመቶ የማያንሱ ጭላዳዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ይነጫሉ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ቆንጥረው ቆንጥረው እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይከቱታል። ያሉበት ቦታ ሣሩ ሲያልቅ እንኳ አይነሱም፤ እንደ ተቀመጡ ተንፏቅቀው ትንሽ ወደ ፊት ይጠጋሉ። አንዱ አውራ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነበት፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ እንደ ፍም እየታየ፣ ከእኛ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ብሎም አላየንም። ልጄ ትንፋሿን ውጣ ቆመች። ሣር በልቶ የሚያድር ዝንጀሮ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የለም፤ ያለውም በእኛ አገር ደጋ ብቻ ነው።

ጥቂት እንደ ሄድን ከፊታችን የነበረ ሌላ መኪና መንገድ መሐል ቆመ። ከመስኮቱ ዳቦ ተወረወረ፤ ቀጥሎ ብስኩት። ጭላዳዎቹ ሣሩን ትተው ወደ ጥርጊያው ሮጡ። ግልገሏን ጀርባዋ ላይ ያዘለች አንዲት እናት ከጎማው ሥር ፍርፋሪ ለማንሳት ስታጎነብስ ከጃናሞራ ወረዳ በኩል ጭነት የያዘ መኪና በመጠምዘዣው ብቅ አለ። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ አቧራው ሁላችንንም ሸፈነን። አቧራው እስኪረግብ የነበረውን ጊዜ አልረሳውም። እናቲቱ ለጥቂት ተርፋ፣ ግልገሏ ጀርባዋ ላይ እንደ ተጣበቀች ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማለች። ዳቦውን አልጣለችውም።

ስካውታችን ወርዶ ሰዎቹን በትሕትና ተናገራቸው። ወደ እኛ ሲመለስ ግን ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል። ገበሬውም ልጁን በወንጭፍ ያሰማራበታል» አለን። ሰው ለአፍታ ፎቶ ብሎ የወረወረው ዳቦ አውሬውን ከሰው ጋር ያጣላዋል፤ የሰውንም በሽታ ያስተላልፍበታል። የወረወሩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ በደስታ ይስቁ ነበር፤ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲገባ ከምክንያቶቹ አንዱ በውስጡ የሚያልፈው ይኸው መንገድ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ። የጃናሞራ ሰው መንገድ ያስፈልገዋል፤ በሽተኛውም ገብሱም የሚያልፈው በዚያው ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ይዘጋ ማለቴ አይደለም። እኛ ለመዝናናት የምንሄደው ግን በእርጋታ ማለፍ አያቅተንም።

ጨነቅ ስንደርስ ስካውቱ በጣቱ ገደሉን አሳየን። ለረጅም ጊዜ ዓለት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ ከዓለቱ ቁራጭ አንዱ አንገቱን አዞረ፤ ቀንዱ ወደ ኋላ እስከ ጀርባው ተቆልምሟል። ልጄ «ዋልያ!» አለች፤ በሹክሹክታ። ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ እኛን እያየ ነበር። ቀይ ቀበሮ አላገኘንም፤ ጥቂት ነው፤ የውሻ በሽታም ይፈጀዋል።

እናም የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ። ደባርቅ ላይ ቲኬት ሲቆረጥ ለሹፌሩም ለተሳፋሪውም በአማርኛ በግልጽ ይነገር። ጭላዳ በሚሰማራባቸው መጠምዘዣዎች ላይ «አትመግቡ፣ ፍጥነት ቀንሱ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ይተከል። መኪና የምታከራዩ የጎንደር ወንድሞቼም ሥራችሁ በእነዚህ እንስሳት ላይ የቆመ ነውና ተሳፋሪው መስኮቱን ከፍቶ ዳቦ ሲያወጣ ዝም አትበሉ።

ደብዳቤዬን ከጥምቀት በፊት ብታወጡልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ መኪኖቹ በተርታ መውጣት ይጀምራሉ።

አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ ፒያሳ